ቁስሉ ሳይደርቅ ያሳዩት

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ነው የምኖረው። 29 ዓመቴ ነው። ካገባሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከአራት ወር በፊት ብልቴ ላይ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ነገሮች ወጡብኝ። ስሸና እንባዬ እስኪመጣ ያቃጥለኝ ነበር። ብሽሽቴ በሁለቱም በኩል አብጦ ነበር፤ ትኩሳትም ነበረኝ። አፍሬ ሐኪም ጋ አልሄድኩም። ፋርማሲ ገብቼ ‹ኢንፌክሽን ነው› ብዬ ሲፕሮና የሚቀባ ነገር ገዛሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠፋ። ባለፈው ወር እዚያው ቦታ ላይ አነስ ብሎ ተመለሰና በአምስት ቀኑ ደረቀ። ከደረቀ በኋላ ክሊኒክ ሄጄ ደም ሰጠሁ። ‹ሄርፒስ ፖዘቲቭ› የሚል ወረቀት ሰጡኝ። ጎረቤቴ ‹አልማዝ ባለጭራ ነው› ትላለች። ባለቤቴ ለሥራ አዳማ ይመላለሳል፤ እሱ ምንም ምልክት የለውም። እኔ ከእሱ ሌላ ሰው አላውቅም። እሱ ነው ያመጣብኝ ማለት ነው? ይድናል? ልጅ መውለድስ እችላለሁ? ሐኪም ጋ መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?»

ምላሽ፦ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልነሳ። የሌሎቹም መልስ ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው። ሐኪም ጋ መሄድ የነበረብዎት ከአራት ወር በፊት፣ ውሃ የቋጠረው ነገር በወጣ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን ነበር። አሁንም አልረፈደም። ግን ትኩስ እያለ መሄድና ደርቆ ከጠፋ በኋላ መሄድ አንድ አይደሉም።

የቆዳና የአባላዘር ሐኪም ነኝ፤ የምሠራው እዚሁ ሐዋሳ ነው። በዚህ ጉዳይ እኔ ጋ የሚመጡት አብዛኞቹ እንደ እርስዎ ናቸው። ቁስሉ እስኪደርቅ ይጠብቃሉ። ቅርፊቱ ረግፎ ቆዳው ንጹህ ሲሆን፣ ገላቸውን ታጥበው ይመጣሉ። ከዚያ በጣታቸው እየጠቆሙ «ዶክተር፣ እዚህ ጋ ነበር» ይሉኛል። አያለሁ፤ ምንም የለም። ያው ሰው ፊቱ ላይ አንዲት ብጉር ብትወጣበት በማግስቱ ይመጣ ነበር። የብልት ሲሆን ግን እስኪሻለው ይደበቃል። ሲሻለው ደግሞ እኔ ላየው የሚገባኝ ነገር አብሮ ይጠፋል።

በጽሑፍ ብቻ በሽታ አይለይም። ይሁን እንጂ የጻፉት ነገር፣ የጀመረበትም የተመለሰበትም ሁኔታ፣ የብልት ሄርፒስን ይመስላል። ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ከገባ ከ2 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ በ4ኛው ቀን ገደማ፣ ምልክት ሊጀምር ይችላል። መጀመሪያ ቆዳው ውርር ያደርጋል፣ ይቆጠቁጣል ወይም ያሳክካል። ቀጥሎ ቀላ ባለ ቆዳ ላይ ከምስር ፍሬ ያነሱ፣ ውሃ የቋጠሩ ነጠብጣቦች ይወጣሉ። አንድ ብቻዋን የምትወጣበት ጊዜ አለ፤ በብዛት ግን እንደ ወይን ዘለላ ተጠጋግተው ነው የሚወጡት። በአንድ በሁለት ቀን ይፈነዱና ጥልቀት የሌለው፣ ሲነኩት የሚለበልብ ቁስል ይሆናሉ። ሴት ላይ ቦታው እርጥብ ስለሆነ ውሃ የቋጠረውን ሳታየው ቁስሉን ብቻ ልታገኝ ትችላለች። በመጨረሻ ይደርቃል። ጠባሳ ብዙ ጊዜ አይተውም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ይከብዳል። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የሰውነት ቁርጥማት ይኖራል። ብሽሽት ላይ ንፍፊቱ በሁለቱም በኩል ያብጣል፤ ሲጫኑት ያማል። ካልታከመ ሙሉ በሙሉ እስኪድን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳል። ቦታው ደግሞ ብልት ብቻ አይደለም። ፊንጢጣ ዙሪያ፣ መቀመጫ ላይ፣ ጭን ላይ ሊወጣ ይችላል። ሴት ላይ የማህፀን በር ላይ ወጥቶ ከፈሳሽ በቀር ምንም ላይታይ ይችላል።

መጽሐፍ ላይ ያለው መልክ ይህ ነው። ሰው ላይ ሲታይ ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ ይቀላል፤ ሰዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ጋ ነው። በምላጭ የተቆረጠ የሚመስል አንድ ቀጭን ስንጥቅ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከተላጩ በኋላ የሚወጣ ብጉር ይመስላል። ፓንት የፈተገው ይመስላል። በየሁለት ወሩ «ፈንገስ ተነሳብኝ» እያሉ የፈንገስ ቅባት የሚገዙ ሴቶች አሉ። ፊንጢጣ አካባቢ የወጣባቸው ደግሞ ኪንታሮት ነው ብለው ይተዉታል።

እኔም ተሳስቼ አውቃለሁ። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን አንዲት ሴት ሦስት ጊዜ «የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን» ተብላ ሲፕሮ ስትወስድ ቆይታ እኔ ጋ መጣች። አራተኛውን ሲፕሮ የጻፍኩላት እኔ ነኝ። የሽንት ምርመራዋ ንጹህ ነበር፤ እኔ ግን አላመንኩትም። በአምስተኛው ጊዜ ሌላ ሐኪም አልጋ ላይ አስተኝቶ አያት። ቁስሉ እዚያው ነበር። እኔ አላየኋትም፤ ወረቀቷን ብቻ ነው ያየሁት። ከዚያ ወዲህ ሽንት ያቃጥለኛል ላለችኝ ሴት ሁሉ አንድ ጥያቄ አለችኝ፦ የሚያምሽ ሽንቱ ከውስጥ ሲወርድ ነው ወይስ ወጥቶ ቆዳውን ሲነካው? ቆዳውን ሲነካው ካለችኝ መጋረጃውን ስቤ አያለሁ። እርስዎም «እንባዬ እስኪመጣ» ያሉት ይህንኛውን ይመስለኛል።

ስለዚህ ሲፕሮው አይደለም የፈወሰዎት። ሲፕሮ የባክቴሪያ መድኃኒት ነው፤ ቫይረስ ላይ አይሠራም። በሁለት ሳምንት የጠፋው ጊዜው ደርሶ ነው። ብዙ የውሸት መድኃኒት ስም ያወጣው በዚሁ ምክንያት ነው። አንዱ የአሞክሲሲሊን ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን ይነሰንሳል። ሌላው የጥርስ ሳሙና ይቀባል። ሎሚ የጨመቁበትም፣ ዳማከሴ ያሹበትም አይቻለሁ። ሁሉም በራሱ ጊዜ ደረቀ፤ ምስጋናው ግን ለተቀባው ነገር ሆነ። ሎሚውና የጥርስ ሳሙናው ቆዳውን ያቃጥሉታል። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ እንደ ቤታሜታዞን ያለ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ነው። ቅላቱንና ማሳከኩን ያበርዳል። ነገር ግን የቆዳውን መከላከያ ስለሚያዳክም ቫይረሱ እንዲስፋፋ መንገድ ይከፍታል። የገዙት ቅባት ምን እንደሆነ አልጻፉም። ቱቦው ካለ ይዘውት ይምጡ።

ጎረቤትዎ አልማዝ ባለጭራ ማለታቸው ከመሬት ተነስተው አይደለም። ሁለቱም ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ያወጣሉ። ሁለቱም ነርቭ ውስጥ ተደብቀው ይቆያሉ። የሁለቱም የሕክምና ስም ውስጥ «ሄርፒስ» የሚል ቃል አለ። ቫይረሶቹ ግን ይለያያሉ። አልማዝ ባለጭራን የሚያመጣው በልጅነታችን ጉድፍ ያስወጣን ቫይረስ ነው። በአንድ ወገን ብቻ የነርቭን መስመር ተከትሎ ይወጣል፤ ባለጭራ ያሰኘውም ይኸው ነው። ጤነኛ ሰው ላይ ብዙውን ጊዜ በዕድሜ አንዴ ነው የሚወጣው። በሦስት ወር ውስጥ እዚያው ቦታ ላይ ተመልሶ ከመጣ፣ በመጀመሪያው ጊዜም ሁለቱንም ብሽሽት ካሳበጠ፣ አልማዝ ባለጭራ መሆኑን እጠራጠራለሁ።

ይልቅ የሄርፒስ የቅርብ ዘመዱ ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ ምች። ከንፈር ላይ ችፍ ብሎ የሚወጣውና «ምች መታኝ» የምንልለት ነገር አብዛኛውን ጊዜ ሄርፒስ ነው። ሐይቁ ዳር ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ውሎ በማግስቱ ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ሰው «ፀሐይ ነው የመታኝ» ሲል ሐሰት አይደለም። የፀሐይ ጨረር የተኛውን ቫይረስ ይቀሰቅሳል። ቫይረሱን የሰጠው ግን ፀሐይ አይደለም፤ አብዛኛው ሰው በልጅነቱ ከመሳሳም ነው የወሰደው። ሄርፒስ ሁለት ዓይነት ነው። ዓይነት 1 በብዛት አፍ ላይ ይወጣል። ዓይነት 2 በብዛት ብልት ላይ። «በብዛት» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ዓይነት 1 በአፍ በሚደረግ ግንኙነት ወደ ብልት ሊተላለፍ ይችላል። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት ከ50 ዓመት በታች ካለው የዓለም ሕዝብ 3.8 ቢሊዮኑ ዓይነት 1 አለበት። ዓይነት 2 ደግሞ ከ15 እስከ 49 ዓመት ባለው ዕድሜ 520 ሚሊዮን ሰው ላይ ይገኛል። ብቸኛ አይደሉም ለማለት ያህል ነው። ከሽንት ቤት መቀመጫም ከመዋኛ ገንዳም አልያዘዎትም፤ ቫይረሱ ከሰውነት ውጭ ብዙ አይቆይም።

አሁን ወደ ወረቀቱ። «ሄርፒስ ፖዘቲቭ» ብቻ የሚል ወረቀት፣ በእኔ እምነት፣ ያስጨነቀዎትን ያህል ዋጋ የለውም። መጀመሪያ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይመልከቱ። ዓይነቱን ካልለየ፣ ልጅ እያሉ ከንፈርዎ ላይ ለወጣ ምች ሰውነትዎ የሠራውን መከላከያ (ፀረ እንግዳ አካል) እያየ ይሆናል። ቀጥሎ የታየው ፀረ እንግዳ አካል የትኛው ነው፤ አይጂኤም (IgM) ነው አይጂጂ (IgG)? አይጂኤም ከሆነ ይተዉት። አዲስና አሮጌውን አይለይም፤ አንዱን ዓይነት ከሌላው ያምታታል። ዓይነት 2ን የለየ አይጂጂ ከሆነ ቁም ነገር አለው። እሱም ቢሆን ቁጥሩ ፖዘቲቭ ከሚባልበት መነሻ እምብዛም ካልራቀ ያለበሽታው ፖዘቲቭ ሊል ይችላል፤ በሌላ ዘዴ መረጋገጥ አለበት። ከዚህም ሁሉ በኋላ የደም ምርመራው ቫይረሱ መቼ እንደገባ፣ ከማን እንደመጣ፣ ያ ቁስል የእሱ መሆን አለመሆኑን አይነግርም። ቁስሉ የእሱ መሆኑን የሚነግረው ከራሱ ከቁስሉ ላይ የሚወሰደው ናሙና ነው። ውሃ የቋጠረው ተከፍቶ ከሥሩ በጥጥ ይጠረግና ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ይህ ምርመራ እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም። ቢገኝም ለደረቀ ቁስል አይሆንም። የማይገኝ ከሆነ ደግሞ ያለን የሐኪሙ ዓይን ነው፤ ዓይንም የሚያየው ነገር ይፈልጋል።

ሌላው ትኩስ እያለ መታየት ያለበት ምክንያት ቂጥኝ ነው። የብልት ቁስል ሁሉ ሄርፒስ አይደለም። ሄርፒስ ያማል፣ ብዙ ሆኖ ይወጣል። የቂጥኝ ቁስል ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ ጠርዙ ጠንከር ያለ፣ የማያም ነው። ከ3 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ያለ መድኃኒት ይጠፋል። ሰውየው ዳንኩ ይላል፤ በሽታው ግን ወደ ደም ገብቷል። ዓመታት ቆይቶ ልብና አእምሮን ይጎዳል፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች ጽንሱን። ከርክር የሚባለው ሌላው የአባላዘር በሽታ ደግሞ ያማል፤ ጠርዙ የተበጫጨቀ፣ መግል ያለው ቁስል ነው። ብሽሽት ላይ እባጩ ሊፈርጥ ይችላል። እነዚህ ሁለቱ በትክክለኛው መድኃኒት ይድናሉ። ቂጥኝ ጥንት የሚያስፈራ ነበር፤ ዛሬ በጊዜ ከተደረሰበት በአንድ ቀን የሚሰጥ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ይበቃዋል። ለዚህ ነው የማያመው ቁስል ከሚያመው ይልቅ የሚያስፈራኝ። በአገራችንም የብልት ቁስል ይዞ ለመጣ ሰው የላቦራቶሪ ውጤት ሳይጠበቅ ለቂጥኝም፣ ለከርክርም፣ ለሄርፒስም አብሮ መድኃኒት የሚሰጥበት አሠራር አለ። ስለዚህ ባለሙያው «ሄርፒስ ነው» እያለ መርፌም ቢያዝልዎት ግራ አይጋቡ።

እርስዎ እስካሁን ለቂጥኝና ለኤችአይቪ የተመረመሩ አይመስለኝም፤ አልጻፉትም። ሁለቱንም በዚህ ሳምንት ያድርጉ። የቂጥኙ ምርመራ ብዙ ቦታ «ቪዲአርኤል» ይባላል። ኤችአይቪን ያነሳሁት ላስደነግጥዎ አይደለም። ሄርፒስ ዓይነት 2 ያለበት ሰው ለኤችአይቪ ቢጋለጥ የመያዝ ዕድሉ ሦስት እጥፍ ያህል ከፍ ይላል። ቁስሉ በር ስለሚከፍትለት ነው።

ባለቤትዎ። ይህን ጥያቄ ይዘው የሚመጡ ባልና ሚስት ጠረጴዛዬን የሽምግልና ቦታ ያደርጉታል። እኔ ዳኛ መሆን አልችልም፤ ቫይረሱም ምስክር መሆን አይችልም። ከእሱ ሌላ ሰው ካላወቁ ከእሱ የመጣ መሆኑ አይቀርም። መቼ እንደያዘው ግን ምንም ዓይነት ምርመራ አይነግርዎትም። ከመጋባታችሁ ከአምስት ዓመት በፊት ይዞት ሊሆን ይችላል። ቫይረሱ ያለባቸው አብዛኞቹ ሰዎች እንዳለባቸው አያውቁም፤ ምልክት ኖሯቸው አያውቅም ወይም ምልክቱን እንደ ብጉር አልፈውታል። ምልክት በሌለበት ቀንም ቫይረሱ ከቆዳ ላይ አልፎ አልፎ ይወጣል። ብዙ ሰው የሚይዘው እንዲህ ባለው ቀን ነው። ከከንፈሩ የመጣ ዓይነት 1ም ሊሆን ይችላል፤ ከንፈሩ ላይ ምች ይወጣበት እንደሆነ ይጠይቁት። ታማኝ ነው ብዬ ልመሰክርለት አልችልም። አዳማ መመላለሱም ማስረጃ አይደለም። በዚህ ወረቀት ላይ ብቻ ተመሥርተው ትዳርዎን እንዳያፈርሱ ግን አጥብቄ እነግርዎታለሁ። ይንገሩትና አብራችሁ ኑ። እሱም ለቂጥኝና ለኤችአይቪ ይመርመር።

አሁን «ይድናል?» ላሉት። ቁስሉ ይድናል፤ ቫይረሱ አይወጣም። ከቆዳው ተነስቶ በነርቩ ሽቅብ ይጓዛል። ከዚያ ከወገብ በታች፣ አከርካሪው ሥር ያሉ የነርቭ ቋጠሮዎች ውስጥ ይተኛል። መድኃኒት እዚያ አይደርስበትም። ትኩሳት፣ ድካም፣ ጭንቀት፣ የወር አበባ ሲቀሰቅሰው በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ለዚህ ነው እዚያው ቦታ ላይ ያገኙት። ሲመለስ ይቀላል፤ ቁስሉ ያንሳል፣ ትኩሳት አይኖርም፣ ብዙውን ጊዜ በአሥር ቀን ውስጥ ይደርቃል። ዓይነት 2 ከሆነ በመጀመሪያው ዓመት አራት ጊዜ ያህል መመለሱ የተለመደ ነው። ዓይነት 1 ከሆነ አንዴ ቢመለስ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ሁለቱም እየራቁ ይሄዳሉ። «አጠፋዋለሁ» ብሎ ዕፅ የሚሸጥልዎ ሰው ካጋጠመዎት ገንዘብዎን ይያዙ።

መድኃኒቱ አሲክሎቪር ነው። ለመጀመሪያው ጊዜ 400 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ይወሰዳል። ሲመለስ 5 ቀን ይበቃል። ዋናው ሰዓቱ ነው። የመጀመሪያው ከሆነ በሦስት ቀን ውስጥ፣ የተመለሰ ከሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ከተቻለ ገና ውርር ሲያደርግ። ደርቆ ከመጡ በኋላ የምሰጥዎት አሲክሎቪር ምንም አያደርግልዎትም፤ ሊደርቅ የነበረ ነገር ደርቋል። የሚቀባው አሲክሎቪር ለብልት እምብዛም አይረባም፤ ገንዘብዎን በኪኒኑ ላይ ያውሉት። ኩላሊቱን የሚያመው ሰው መጠኑ ይስተካከልለታል። ስለዚህ መጠኑን ስለጻፍኩ ብቻ ገዝተው አይጀምሩ። ከታወቀ በኋላ ግን ሐኪምዎ አስቀድሞ ትእዛዙን ጽፎልዎት ኪኒኑ ቤት ይቀመጥ፤ እኔ ለደንበኞቼ እንዲህ ነው የማደርገው። በዓመት ከስድስት ጊዜ በላይ የሚመለስበት ሰው በየቀኑ የሚወስደው መጠን አለ።

እስከዚያው ቤት ውስጥ የሚረዳዎት ቀላል ነገር ነው። ቦታውን ለብ ባለ ውሃ አጥበው በንጹህ ጨርቅ ጠብ ጠብ አድርገው ያድርቁ። ሰፋ ያለ የጥጥ ፓንት ይልበሱ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይውሰዱ። ሽንት ሲያቃጥል ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ሞልተው ቁጭ ብለው እዚያው ይሽኑ። ሲነግሯቸው ይስቃሉ፤ ከሞከሩት በኋላ ግን ያመሰግናሉ። ያቃጥለኛል ብሎ ውሃ መቀነስ ስህተት ነው፤ ሽንቱ ሲወፍር የበለጠ ይለበልባል። ቁስሉን ነክተው ዓይንዎን አይንኩ። ውርር ካለበት ደቂቃ ጀምሮ ቆዳው ሙሉ በሙሉ እስኪድን ግንኙነት አይኑር። በሌላው ጊዜ ኮንዶም የመተላለፍ ዕድሉን ይቀንሳል፤ የማይሸፍነው ቆዳ ስላለ ግን ሙሉ ዋስትና አይደለም።

ልጅ ይወልዳሉ። ሄርፒስ ማህፀን አይዘጋም፤ መካን አያደርግም። ቀድሞ የያዛት እናት ለልጇ የምታስተላልፍበት ዕድል ከ100 ከ1 በታች ነው። ሰውነቷ የሠራው መከላከያ ለልጁም ይደርሰዋል። የሚያስፈራው በእርግዝናዋ የመጨረሻ ወራት ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘች ሴት ናት፤ የእሷ ዕድል ከ100 ከ30 እስከ 50 ይደርሳል። የአራስ ልጅ ሄርፒስ ገዳይ ነው። ስለዚህ ሲያረግዙ በመጀመሪያው ክትትል ቀን ይናገሩ፤ አይደብቁ። ከ36ኛው ሳምንት ጀምሮ አሲክሎቪር ሊታዘዝልዎ ይችላል። ምጥ ሲመጣ ቁስል ወይም ውርር ማለት ካለ በኦፕራሲዮን ይወልዳሉ፤ ከሌለ በምጥ። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። አራስ ሊጠይቅ መጥቶ ከንፈሩ ላይ ምች ያለበት ዘመድ ልጁን እንዳይስም። ያኮርፍ። ያው ቫይረስ ነው።

አሁን እንግዲህ መቼ። ማንኛውም ሰው ብልቱ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁስል ሲያይ፣ ያማል አያምም ሳይል፣ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ይሂድ። ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ኤችአይቪ ካለበት ወይም መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ፣ የተመለሰም ቢሆን ይሂድ። ሁለት ሳምንት አልፎት ያልዳነ ቁስል መታየት አለበት። ሽንት ጨርሶ እምቢ ካለ፣ ፊኛው ተወጥሮ ጠብታ ካልወጣ፣ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ቫይረሱ ነርቩን ሲያስቆጣው እንዲህ ሊሆን ይችላል። ከባድ ራስ ምታት ከአንገት መገተር ጋር ከመጣ፣ ብርሃን ካስጠላ፣ ሰው መቀባዠር ከጀመረ፣ ዓይን ቀልቶ ካመመም እንዲሁ ነው። እነዚህ የመጨረሻዎቹ በብዛት አይገጥሙም። ከገጠሙ ግን ለነገ አይባልም።

ወዴት ይሂዱ? በቅርብዎ ያለው ጤና ጣቢያ የብልት ቁስልን ያክማል፤ ለመጀመር ሩቅ መሄድ የለብዎትም። ከዚያ አዳሬ ሆስፒታል አለ፤ ካስፈለገም ሪፈራል የምንለው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል። ብዙ ሰው የሚመለሰው ከካርድ ክፍል ደጅ እንደሆነ አውቃለሁ። ሰልፉ ረጅም ነው፤ መስኮቱ ጋ ያለው ሰው «ምንሽን ነው?» ይላል፣ ከኋላ ጎረቤት ቆሟል። «የቆዳ» ይበሉ። በቂ ነው፤ ውሸትም አይደለም። ዝርዝሩን በር ከተዘጋ በኋላ ለሐኪሙ ይናገሩ። ሴት ሐኪም ከፈለጉ ይጠይቁ፤ መጠየቅ መብትዎ ነው። ሐኪሙ ሳያይዎት መድኃኒት ሊጽፍ ከጀመረ ደግሞ «ቢያዩት ደስ ይለኛል» ይበሉት። እኔን ያኔ እንዲህ ያለችኝ ሰው ብትኖር ኖሮ አራተኛውን ሲፕሮ አልጽፍም ነበር።

እርስዎ በዚህ ሳምንት ለሁለቱ ምርመራዎች ይሂዱ። ወረቀቱን ይያዙ፣ የቅባቱንም ቱቦ። የአሲክሎቪሩን ትእዛዝ አስጽፈው ቤት ያስቀምጡ። ቀጣዩ ውርር ሲልዎ ኪኒኑን ይጀምሩና በዚያው ቀን ይምጡ። የወጣው ቅዳሜ ማታ ከሆነና እስከ ሰኞ የሚያይዎት ከሌለ በስልክዎ ቀረብ አድርገው ፎቶ ያንሱት፤ ሰኞ ለሐኪሙ አሳይተው እዚያው ያጥፉት። እኔ እንደሆንኩ ያቺ ፎቶ ከወረቀቱ ትበልጥብኛለች።